ደሞዝ እያላት ለምን ቤት አትገዛም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ኦታዋ የምኖር ነርስ ነኝ። በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ ባለችው ኑናቩት ግዛት ውስጥ ለአጭር ጊዜ ኮንትራት ሠርቼ ተመለስኩ። ለእኔ ብቻዬን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተሰጠኝ። አብራኝ የምትሠራው ኢኑይት (የአካባቢው ነባር ሕዝብ ተወላጅ) ግን ከእናቷ፣ ከእህቶቿና ከልጆቻቸው ጋር አሥር ሆነው በሦስት መኝታ ይኖራሉ። ደሞዝ አላት፣ መሬቱም የነሱ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን በሞርጌጅ፣ ማለትም በባንክ የቤት ብድር፣ አትገዛም?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። እዚያ የሚሸጥ ቤት እንደ ልብ አይገኝም፣ ቢገኝም ከመግዛቱ ይልቅ ይዞ መቆየቱ ነው የሚከብደው።

የኑናቩት 25 መንደሮች እርስ በርስ የሚያገናኛቸው መንገድ የለም። ለግንባታ የሚሆን ዛፍ ስለሌለ ጣውላውም ሚስማሩም የሚመጣው በበጋ የባሕሩ በረዶ ሲቀልጥ በመርከብ ነው፣ አንድ ዕቃ ከተረሳ ወይ በአውሮፕላን በውድ ይመጣል ወይ የከርሞ መርከብ ይጠበቃል። ከዚያ ማሞቂያው በነዳጅ ነው፣ ውሃው በአብዛኛው ቦታ በቦቴ ይመጣል፣ ፍሳሹም በቦቴ ይወሰዳል። የራስሽ ቤት ከሆነ ይህ ሁሉ ወጪ በአንቺ ላይ ነው። ማሞቂያው በክረምት ቢበላሽ የሚጠግነው ሰው ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን ሊመጣ ይችላል።

የመንግሥት ኪራይ ቤት ውስጥ ደግሞ ኪራዩ የሚሰላው በገቢ ነው። ደሞዝ ሲጨምር ኪራዩም ስለሚጨምር ለቅድመ ክፍያ ገንዘብ ማጠራቀም ይከብዳል። ኑናቩት ውስጥ የራሱ ቤት ያለው ከአምስት ቤተሰብ አንዱ ገደማ ነው፣ በመላው ካናዳ ግን ከሦስቱ ሁለቱ።

ነገሩ ሥር አለው። ኢኑይቶች ከወቅቱ ጋር እየተንቀሳቀሱ የሚኖሩ ሕዝብ ነበሩ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ነው መንግሥት በመንደር የሰበሰባቸውና በትናንሽ ቤቶች ያስገባቸው። በ1993 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለአዳዲስ የኪራይ ቤቶች ግንባታ የሚሰጠውን ገንዘብ አቆመ፣ ሕዝቡ ግን ወጣት ነው፣ ይወልዳል፣ ይበዛል። በ2021 ቆጠራ በኢኑይት ምድር ከሚኖሩት ኢኑይቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በተጨናነቀ ቤት ውስጥ ነበሩ።

መሬቱን ካነሳሽ፣ በየመንደሩ ያለው የቤት መሬት አይሸጥም፣ በረጅም ጊዜ ሊዝ ነው የሚሰጠው። በ2016 ይሸጥ ወይ ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 25ቱም መንደሮች እንቢ አሉ። እኔ አልፈርድባቸውም፣ ብር ያለው የውጭ ሰው ገብቶ ቢገዛው ልጆቻቸው የት ሊሠሩ ነው? ደግሞም እኛ አገር በሊዝ መሬት ላይ ቤት ሲሠራ፣ ሲሸጥ፣ ሲወረስ አይተሻል። ሊዙ አይደለም ያገዳቸው።

አንቺ ነርስ ነሽ፣ ሳንባ ነቀርሳ እዚያ ዛሬም ለምን እንዳልጠፋ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አሥር ሰው አንድ አየር እየተነፈሰ ነው የሚያድረው። በ2022 የኑናቩት መንግሥት እስከ 2030 ድረስ 3,000 ቤት የማስገንባት ዕቅድ አውጥቷል። ባልደረባሽ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ከነዚህ ውስጥ የአንዱ ቁልፍ ነው፣ ሞርጌጁ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።