መልስ፦ አውቶቡስ ለምን ጠፍቶ ጠፍቶ ተከታትሎ ይመጣል?

«ግማሽ ሰዓት ቆሜ አንድም የለም፤ ከዚያ ሦስቱ ተከታትለው ይመጣሉ። ሆን ብለው ነው?» ብለሃል። ንዴትህ ይገባኛል፤ እኔም በየቀኑ እሰለፋለሁ።

ሆን ብለው አይደለም። ፊት ያለው አውቶቡስ መብራት ይዞት ትንሽ ዘገየ እንበል። እስኪደርስ ፌርማታው ላይ ሰው ይጠራቀማል። ያ ሁሉ ሰው እስኪሳፈር ደግሞ ይብሱን ይዘገያል። ከኋላ ያለውን የሚጠብቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እያለፈ ይደርስበታል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ጢም ብሎ፣ ተከታዩ ባዶውን የሚመጣው።

ባለፈው አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ስትጋፋ የልጁ አንድ ጫማ ወደቀ። አንስቼ ሳቀብላት በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ሳትሳፈር ቀረች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው መጣ። ግማሹ ወንበር ባዶ! በጣም አዘንኩ። ስለዚህ ከኋላ ሌላ ከታየህ አትጋፋ፣ ጠብቀው።

ዋናው መፍትሔ ግን በስምሪት ሠራተኞች እጅ ነው። ኋላ ያለውን አንድ ፌርማታ ላይ ትንሽ ማቆየት ይቻላል። ሰው በሁሉም በር ቢሳፈርም ብዙ ያግዛል።

አደጋ ሳይኖር መንገዱ ለምን እንደሚዘጋጋም ጠይቀሃል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሙከራ አለ። 22 መኪኖች 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ ተደረገ። ምንም እንቅፋት አልነበረም። ግን አንዱ ትንሽ ፍጥነት ሲቀንስ ተከታዩ የበለጠ እየቀነሰ፣ መጨረሻ ላይ አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። የምትነዳ ከሆነ ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ በል።