መኪናዬ ነዳጅ መጠጣት አበዛች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መኪናዬ 20 ዓመት አልፏታል። ድሮ አንድ ታንክ ሳምንት ያደርሰኝ ነበር፤ አሁን በአራተኛው ቀን መብራቱ ይበራል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመለካት ጀምር ወንድሜ። ጌጁን አትመን። ማደያው ራሱ እስኪያቆም ሙላና ኪሎ ሜትሩን ጻፍ። እንደ ልማድህ ነድተህ ታንኩ ከግማሽ በታች ሲወርድ እዚያው ማደያ ድገም። አሁን የገባውን ሊትር በ100 አባዛና በሄድከው ኪሎ ሜትር አካፍል፤ በ400 ኪሎ ሜትር 36 ሊትር ከገባ፣ በመቶው 9 ሊትር ነው። ሦስት ጊዜ ሳትለካ ምንም ዕቃ አትግዛ። ከፋብሪካው ልክ የተለቀ ጎማ አስገብተህ ከሆነ ግን ቆጣሪው አሳንሶ ስለሚቆጥር ፍጆታው ከእውነቱ በዝቶ ይታይሃል።

ጥያቄ፦ መካኒኬ ኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይሪ አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፤ እሱ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክቶ ለሞተሩ ኮምፒዩተር የሚናገር ዕቃ ነው። መጀመሪያ የሙቀት መለኪያውን እዪ። ሩብ ሰዓት ነድተሽም ቀስቱ ከወትሮው ቦታ በታች ከቀረ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ከወረደ፣ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ክዳን) ጠርጥሪ። አብዛኛው ሞተር 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው ደህና የሚሠራው። ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ከቀረ ውሃው አይሞቅም፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ጠዋት አስነሺና፣ ከፋኑና ከቺንጋው ርቀሽ፣ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ዳብሺው። ደህና ከሆነ ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ይቆይና በኋላ ቶሎ ይግላል። ገና ከመጀመሪያው ቀስ እያለ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከሞቀ ክፍት ነው።

ሞተር ጋለ ተብሎ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ የሚቀርባቸው መኪኖችም ብዙ ናቸው፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። እኔ ራሴ ሁለት ሴንሰር ከቀየርኩ በኋላ ነው ቦታው ባዶ መሆኑን ያየሁት። ሴንሰርም ያረጃል፣ ግን ተራው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ባለ ካርቡራተር ናት፤ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች።

መልስ፦ የሚፈስ ነገር ካለ አታስነሳት፤ እሳት ነው። ከሌለ ካንዴላ ንቀልና እይ። ወደ ቡናማ ያደላ ግራጫ ጤና ነው። እጅ የሚያጠቁር ደረቅ ጥላሸት ካለ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሞተሩ ሞቆም አልተከፈተ ይሆናል፣ የአየር ፊልትሮውም ታፍኖ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፍሬን ነዳጅ ያስበላል?

መልስ፦ የያዘ ፍሬን ያስበላል። ፍሬን ሳታበዛ ነድተህ አቁምና እጅህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፤ አትንካ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ በክሪክ አንስተህ በእጅህ አዙረው፤ እንደ ልብ ካልዞረ ፍሬኑ ይዟል።

ጥያቄ፦ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ይጠቅማል?

መልስ፦ የመኪናዋ መመሪያ ካልጠየቀ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ያልከውን ሁሉ አየሁ፤ ጎማውንም አስነፋሁ። ለውጥ የለም።

መልስ፦ አባቴ፣ ፍሪሲዮኑን ይሞክሩ። በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች እየተንሸራተተ ነው። እሱም ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የመጭመቅ ግፊት) ያስለኩ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ቫልቩ ወይም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳይታይ ሌላ ዕቃ አይግዙ።