ማናጀር ሆኛለሁ፤ ሥራዬ ግን ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ድሬዳዋ ነው ያለሁት፣ ሳቢያን። ካርቶን የሚያመርት ድርጅት ውስጥ አምስት ዓመት ሽያጭ ላይ ሠርቻለሁ። መስከረም ላይ የቢዝነስ ዴቨሎፕመንት ማናጀር የሚል ደብዳቤ ተሰጠኝ። ደመወዜ ትንሽ ጨመረ፣ ኮሚሽኔ ግን ቀረ። ደብዳቤው «አዳዲስ የሥራ ዕድሎችን ማፈላለግ» ከማለት ውጪ ምንም አይልም። ወር ባለቀ ቁጥር አለቃዬ «ስንት ሸጥሽ?» ይለኛል። የሽያጭ ልጆች ደግሞ ደንበኞቻችንን ልትወስድብን ነው ብለው አኩርፈውኛል። ሥራዬ በትክክል ምንድን ነው? ወደ ሽያጭ ልመለስ እንዴ?
ግራ የገባኝ፣ ከድሬ

መልስ፦ «አንቺ» ብልሽ ቅር እንደማይልሽ አውቃለሁ። ድሬ ሽማግሌውም «አንተ» ነው የሚባለው።

ሽያጭ ዛሬ መጋዘን ያለውን ካርቶን ዛሬ ለሚፈልገው ሰው ያደርሳል። አንቺ ደግሞ የዛሬ ዓመት ካርቶኑን ማን እንደሚገዛ ከአሁኑ አውቀሽ፣ ያንን ሰው ውል እስኪፈርም ድረስ ይዘሽ ትመጪያለሽ። አዲስ ገበያ ሊሆን ይችላል፣ አብሮ የሚሠራ ድርጅት ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ደንበኛው ፈልጎ ያጣው እናንተም እስካሁን ያልሠራችሁት ምርት ሊሆን ይችላል። አለቃሽ ስለ ወሩ ሽያጭ የሚጠይቅሽ በክፋት አይመስለኝም። የሚቆጥረው ሌላ ነገር ስለሌለው ነው።

እስቲ እዚያው ከተማሽ ውስጥ እንየው። ነፃ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ሲመረቅ ብዙ ሻጭ ፕሮፎርማ ይዞ በር ላይ ለመቆም ነው ያሰበው። አንቺ ግን ከዚያ በፊት ብዙ የምትጠይቂው አለ። እዚያ የሚገባው ድርጅት ዕቃውን እንዳለ ያሳልፋል ወይስ እዚህ እንደገና ያሽገዋል? በምን መጠን ካርቶን? አሁን ከየት ነው የሚያመጣው፣ እዚህ እስኪደርስስ ስንት ይፈጅበታል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ግዥውን የሚወስነው ማነው? ብዙ ጊዜ ድሬ ያለው የመጋዘን ኃላፊ ሻይ ይጋብዝሻል፣ በደንብ ያጫውትሻል፣ ወሳኙ ሰውዬ ግን አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው። ሦስት ወር የተሳሳተ ሰው ጋ ስትመላለሺ ልትከርሚ ትችያለሽ። እዚያ ስትሄጂ ታዲያ «እርስዎ» ማለትን አደራ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ትልቅ ውል ይዤ መጣሁ። ቢሮው ሁሉ አጨበጨበልኝ። የምርት ኃላፊው ብቻ ዝም አለ። ከኪሱ እጥፍጥፍ ያለች ደብተር አወጣ፣ በእርሳስ ደመረ፣ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። ማሽኑ በቀን የሚያወጣው እኔ ከፈረምኩት ግማሹን አይሞላም። ደንበኛው ሁለት ወር ታገሰን፣ ከዚያ ሄደ፤ ለሌሎችም ነገረብን። ከዚያ ወዲህ ምርት ክፍሉና ሒሳብ ክፍሉ ሳያዩት ዋጋም ሆነ የማስረከቢያ ቀን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። አንቺም እንዳትሰጪ። የገባሽውን ቃል የሚፈጽመው ሌላ ሰው ስለሆነ ከሥራሽ ግማሹ ውጭ ሳይሆን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ዋጋ ላይም ተጠንቀቂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባ ሆኖ ለዓመት በአንድ ዋጋ ፈርሞ የነበረ ሰው ምን እንደገጠመው አስቢው። ውልሽ ላይ ዋጋው በምን ሁኔታ እንደገና እንደሚታይ ይጻፍ። ፕሮፎርማሽ ላይም እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይግባበት።

አንድ የግዥ ሠራተኛ «የኔስ?» ቢልሽ አትክፈይ። ያንኑ ቀን ለአለቃሽ ንገሪው።

ወደ ሽያጭ ልጆቹ ልምጣ። እውነታቸውን ነው፣ ኮሚሽን እንጀራቸው ነው። ቁጭ በሉና ተስማሙ። ባለፈው አንድ ዓመት ከእናንተ የገዛ ደንበኛ ሁሉ የእነሱ ይሁን፣ እጅሽን አታስገቢበት። አዲስ ያመጣሽው ደግሞ የመጀመሪያው ትዕዛዝ በሰላም ከደረሰ በኋላ ወደ እነሱ ይዛወር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኮሚሽንም የእነሱ ይሁን። ስታስረክቢ ስልክ ቁጥር ብቻ አትስጪ። አብረሽ ሂጂና አስተዋውቂ፣ ሰውየው በዱቤ ነው የሚወስደው፣ መቼ ነው የሚከፍለው፣ በምን ይናደዳል፣ ሁሉንም ንገሪያቸው። በዚህ ከያዝሻቸው ኩርፊያው ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ለአለቃሽ በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ስጪው። ከማን ጋር ተነጋገርሽ፣ ለማን የዋጋ ማቅረቢያ ገባ፣ የስንት ብር ነው፣ ማን እምቢ አለ፣ ለምን እምቢ አለ። የመጨረሻዋን እንዳታልፊያት። ሦስት ድርጅት በተከታታይ «ካርቶናችሁ እርጥበት አይችልም» ካለ ያ ወሬ ለባለቤቱ ከአንድ ሽያጭ ይበልጥበታል። ከትልልቅ ፋብሪካ ጋር ውል መጨረስ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊፈጅ እንደሚችል ግን ከአሁኑ ንገሪው፣ በኋላ ሰበብ እንዳይመስልብሽ።

ኮሚሽንሽን በተመለከተ፣ ዝም ማለትሽ ልክ አይደለም። አንቺ ያመጣሽው ደንበኛ በመጀመሪያው ዓመት ከሚገዛው ላይ ድርሻ ጠይቂ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። የድርጅታችሁ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ግንቦት ላይ አስገቢው፣ ሰኔ ሁሉም ሒሳብ መዝጋት ላይ ነው። ከዚሁ ጋር የሥራ ዝርዝርሽን ራስሽ ጽፈሽ አቅርቢ። አለቃሽ አስተካክሎ ከፈረመበት ቆዪ። አልፈርምም ካለና በሐምሌም «ስንት ሸጥሽ?» የሚለው ከቀጠለ ግን ወደ ሽያጭሽ ተመለሺ፣ ቢያንስ እዚያ ለምትሠሪው ይከፈልሻል።