የምትገዙትን ቤት ሰነድ አንብቡ፤ ልጆቻችሁንም አስነብቡ

ሲያትል ከገባሁ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ አዲስ መጪዎችን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብያለሁ፣ ቤት አፈላልጌላቸዋለሁ፣ ፍርድ ቤት ቆሜ አስተርጉሜላቸዋለሁ። የምጽፈው ሻካራ ቢሆንባችሁ ከንቀት የመጣ እንዳልሆነ አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

1. ወረቀት። የግሪን ካርዳችሁንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁን ቅጂ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አድራሻ ስትቀይሩም በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። ሌላውን ማንም ይነግራችኋል።

2. የቤት ሰነድ። ቤት ስትገዙ ክምር ወረቀት ትፈርማላችሁ፤ ከወለዱና ከወር ክፍያው አልፎ የሚያነብ ሰው ግን ብዙም አልገጠመኝም። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. ከ1948 በፊት የተመሠረተ ከሆነ፣ በቀደሙት የባለቤትነት ሰነዶች ውስጥ እነማን እንዳይኖሩበት የሚከለክል አንቀጽ ልታገኙ ትችላላችሁ። በሲያትል ብሮድሙር ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1928 የተጻፈው ውል ንብረቱን አይሁዳዊ፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያ፣ ከማላይ ወይም ከማናቸውም የእስያ ዘር የሆነ ሰው እንዳይጠቀምበትና እንዳይኖርበት ይከለክላል፤ የተፈቀደው ባለቤቶቹን የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞች እንዲያድሩበት ብቻ ነበር።

አዎን፣ የተጻፈው የእኛ ስም ነው። በዚያ ዘመን «የኢትዮጵያ ዘር» ሲባል ጥቁር ሕዝብን ሁሉ ማለት ነበር። «እኛ ሐበሾች ነን እንጂ ጥቁሮች አይደለንም» እያላችሁ በየቡናው የምትከራከሩ ሰዎች ይህን አንቀጽ አንድ ጊዜ ብታነቡት እወዳለሁ፤ ውሉን ያረቀቁት ሰዎች አክሱምንም ዓድዋንም አልጠየቁም።

እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ያገደው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 የሰጠው ውሳኔ ነው፤ የቤት አሻሻጮችና ባንኮች ግን ከዚያ በኋላም ጥቁሮችን ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው የሲያትል ሰፈር ውስጥ አጥረው አቆዩአቸው። ጥቁሮችና አጋሮቻቸው የከንቲባውን ቢሮ ተቀምጠውበት፣ በአደባባይ ተሰልፈው የመኖሪያ ቤት አድልዎን የሚከለክል ደንብ እንዲወጣ ጠየቁ። ጥያቄው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1964 ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ የከተማው መራጭ ከሁለት ለአንድ በላይ በሆነ ድምፅ ጣለው። ደንቡ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 ነው፤ ያቀረበውም የከተማው ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሳም ስሚዝ ነበር። ዛሬ በቼሪ ጎዳና እንጀራ የምንበላባቸው ምግብ ቤቶች የቆሙት በዚያው ታጥሮ በነበረው ሰፈር ውስጥ ነው።

የክልከላዎቹን ዝርዝርና ካርታ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮጀክት ሰብስቦ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፤ የከተማው ቤተ መዛግብትም የምክር ቤቱን ሰነዶችና አቤቱታዎች ጠብቆ ይዟል። በቤታችሁ ሰነድ ውስጥ አንቀጹን ካገኛችሁት፣ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ክልከላው ዋጋ እንደሌለው የሚገልጽ ማሻሻያ በካውንቲው እንድታስመዘግቡ ይፈቅድላችኋል። አስመዝግቡ፤ የዋናውን ቅጂ ግን አትጣሉት፣ ለልጆቻችሁ አቆዩላቸው።

3. ልጆችና ጎረቤቶች። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያንን የኮታ ሥርዓት የሻረው የ1965ቱ ሕግ የተፈረመው፣ ጥቁር አሜሪካውያን በአላባማ ግዛት በሴልማ ከተማ ድልድይ ላይ ተደብድበው ያስገኙት የምርጫ መብት ሕግ ከተፈረመ ሁለት ወር ሳይሞላው ነው። በቤተሰብ የገባንበት በር በዚያ ዘመን ተከፍቶ፣ እኛ ግን ገና ሻንጣችንን ሳንፈታ ልጆቻችንን «ከእነሱ ጋር አትዋሉ» እንላለን። ይህን ስትሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ።

በሴንትራል ዲስትሪክት ስንኖር አንድ አረጋዊ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤት ነበሩን። ያኔ የተሰለፉ፣ ለ1964ቱ ድምፅ በየቤቱ እየዞሩ ወረቀት ያደሉ ሰው ነበሩ፤ የቀሩትን ወረቀቶች፣ ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች በሦስት ካርቶን አኑረዋቸዋል። ልጄ ለትምህርት ቤቷ ስለ ሰፈሩ ታሪክ እንድትጽፍ ስትታዘዝ በራችንን አንኳኩተው ካርቶኖቹን እንድትመለከት ጋበዟት። እኔ በእንግሊዝኛ አመስግኜ ሸኘኋቸውና በሩን ዘግቼ በአማርኛ «ሂሳብሽን አጥኚ፣ የእነሱ ጉዳይ እኛን አይመለከተንም» አልኳት። እኚያ ሰው አማርኛ ባይሰሙም ፊቴን አንብበዋል ብዬ አምናለሁ፤ ዳግመኛ አልጠየቁንም።

በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ከሌላ ከተማ የመጡት ዘመዶቻቸው ቤቱን ለመሸጥ በሁለት ቀን አጸዱት፤ ካርቶኖቹ በእግረኛ መንገዱ ዳር ተደርድረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ አድሮባቸው፣ ጠዋት የቆሻሻ መኪና ወሰዳቸው። በመስኮት ቆሜ እያየሁ አልወጣሁም። ዛሬ የትኛውም ቤተ መዛግብት ቢፈለግ እነዚያ ወረቀቶች አይገኙም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለዚያው ዘመን ጥናት ስትሠራ ደወለችልኝ። በከተማው ቤተ መዛግብት የተቀመጡ የነዋሪዎች አቤቱታዎችን እያገላበጠች ስለነበር፣ የጎረቤታችንን ስም ከፈራሚዎቹ መካከል ልትፈልግ የአባታቸውን ስም ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ኖረናል፤ አላውቀውም ነበር።