ጫካ ውስጥ ዝናብ መለካት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ሱሉልታ ከምትኖር የደን ሳይንስ ተማሪ ነው። አማካሪዋ የሰጧት የመመረቂያ ጥናት «የተተከለ ዛፍ ዕድሜው ሲገፋ ቅጠሉና ቅርንጫፉ የሚያስቀረው ዝናብ እንዴት ይለወጣል» የሚል ነው። ጓደኞቿ «ይሄ ሥራ አያስገኝም፣ ቀይሪው» ብለዋታል። ልቀይረው ወይ ትላለች።

እህቴ፣ እባክሽ አትቀይሪው። ቀጣሪ ከርዕሱ ይልቅ በእጅሽ ምን መሥራት እንደምትችዪ ነው የሚጠይቅሽ። ከዚህ ጥናት ውሃ መለካት ተምረሽ ትወጫለሽ።

ጫካ ላይ ከጣለው ዝናብ አብዛኛው በቅጠሉ መሃል አልፎ ወይም ተንጠባጥቦ መሬት ይደርሳል። ጥቂቱ በግንዱ ይወርዳል። የቀረው እዚያው ቅጠሉ ላይ ይተናል፤ መሬቱ አያገኘውም። ዛፎቹ ችግኝ ሳሉ የሚያስቀሩት ትንሽ ነው። አድገው ቅርንጫፋቸው ሲገጥም ይጨምራል። ጫካው ሲሳሳ ደግሞ መልሶ ይቀንሳል። ስለዚህ ከዕድሜው ጋር ስንት ዛፍ እንደቆመም መዝግቢ።

እንጦጦ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጉቶው የአያቶቻችን ዘመን ሊሆን ይችላል፣ ዝናቡን የሚይዘው ቅጠል ግን የቅርብ ዓመታት ነው። ታዲያ ዕድሜው የትኛው ነው? ለአንቺ ጥናት የቡቃያው ነው። ይህን ሳትለዪ ከሠራሽ ውጤትሽ ይምታታል። አጠገቡ የፈረንጅ ጽድ ካገኘሽ አወዳድሪ። የባህር ዛፍ ቅጠል ወደ ታች ተንጠልጥሎ ውሃውን ቶሎ ያንሸራትታል፤ ጽዱ ጥቅጥቅ ስላለ የበለጠ ይይዛል።

መሣሪያ የለኝም እንዳትዪ። የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠሽ ገልብጠሽ መልሰሽ ክተቺበት። የተቆረጠው ሰፊ አፉ ከዳር እስከ ዳር 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጥሻል። ጥቂቱን ጠርሙስ ሜዳ ላይ፣ ብዙውን ዛፍ ሥር አድርጊ፤ ጠብታው ከቦታ ቦታ በጣም ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ጠርሙስ አይበቃም። ለግንዱ የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ጠምጥመሽ ወደ ጀሪካን አውርጂው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት አንብቢ። ዝናብ ባልጣለበት ቀንም ዜሮ ብለሽ ጻፊ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ከደን መሥሪያ ቤቶች አልፈሽ አስቢ። የውሃና የሜትዎሮሎጂ ተቋማት፣ የተፋሰስ ፕሮጀክቶች መረጃ ሰብስቦ የሚተነትን ሰው ይፈልጋሉ። ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ መረጃ መሥራትና መተንተን) ጎን ለጎን ተማሪ። ለኢንተርቪው ስትሄጂ ያንን ጭቃ የነካው ደብተር ይዘሽ ግቢ፤ ከዲግሪሽ ቀጥሎ ትልቁ ማስረጃሽ እሱ ነው።

ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጠርሙሶችሽ ሰኔ ሳያልቅ ቦታቸውን ይያዙ።