የዝንብ እጭ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ይሆናልን?

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ ዳርቻ 200 ቦቫንስ ብራውን እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። የመኖ ዋጋ በየጊዜው እየናረ ለቤቴ የሚተርፈው ገንዘብ አነሰ። የእህቴ ልጅ ጥቁር ዝንብ እያረቡ ትሉን ዶሮ የሚቀልቡ ሰዎችን በስልኩ አሳየኝ። ባለቤቴ ግን ትል በግቢዬ አይረባም ብላለች፤ ደንበኞቼም ቢሰሙ እንቁላሌን ይጸየፉታል ብዬ እሰጋለሁ። በውጭ አገር ደግሞ ሰው ነፍሳት መብላት ጀምሯል፣ ሥጋም በላቦራቶሪ ይሠራል ይባላል። እንዲህ ከሆነ ዶሮ ማርባት ራሱ ወደፊት ያዋጣል?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አጭር መልስ ስላለው ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ከከብት ሴል የተሠራ ሥጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተቀመሰው በ2013 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲሆን፣ የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ማርክ ፖስት ያቀረቡት አንድ በርገር 250,000 ዩሮ ያህል ወጥቶበታል። ከዚያ ወዲህ ሲንጋፖር በ2020፣ አሜሪካ በ2023 ከሴል የተሠራ የዶሮ ሥጋ እንዲሸጥ ፈቅደዋል። ነገር ግን ሥራው ሴሎቹ የሚያድጉበት ከጀርም የጸዳ ጋን፣ ለሴሎቹ የሚሆን ውድ ምግብና የማይቋረጥ ኃይል ስለሚፈልግ፣ እርስዎን ከቢሾፍቱ ገበያ የሚያስወጣ ነገር አድርገው አይዩት። ነፍሳትን መብላትም ቢሆን ለዓለም አዲስ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ነፍሳት ቢያንስ የ2 ቢሊዮን ሰዎች ምግብ አካል እንደሆኑ ገልጿል። በእኛ ዘንድ ግን ምግብ ከእምነትና ከወግ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ማንም ሰው የማይፈልገውን እንዲበላ አልመክርም። የእኔ ምክር ነፍሳቱን ለሰው ሳይሆን ለዶሮ ነው።

ዶሮ ደግሞ በተፈጥሮዋ ትል ለቃሚ ናት። የሐበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስትጭር የምትፈልገው ትል፣ ምስጥና ፌንጣ መሆኑን ሁላችንም አይተናል፤ ያም ሆኖ ገበያተኛው የእርሷን እንቁላል አስኳሉ ቢጫ ነው፣ ይጣፍጣል እያለ ከፈረንጁ አስበልጦ ይገዛል። ስለዚህ ደንበኞችዎ ቢጠይቁ ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ከተደበቀ በኋላ የተሰማ ነገር ነው ጥርጣሬ የሚያመጣው።

በስልክ ያዩት ነፍሳት በአማርኛ ጥቁር ወታደር ዝንብ እየተባለ የሚጠራው ነው። መልኩ ተርብ ይመስላል፤ ነገር ግን አይናደፍም፣ እንደ ቤት ዝንብ ምግብና ቁስል ላይ እያረፈም በሽታ አያዛምትም፤ ለአቅመ ርቢ ከደረሰ በኋላ በእጭነቱ ባከማቸው ስብ ጥቂት ቀናት ኖሮ፣ ተራክቦና እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። አንዲት ሴት ዝንብ 500 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ይህም በ4 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ እጩም ሙቀት ካገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመኖ ይደርሳል። ባለቤትዎ የሚጸየፉት የቤት ዝንብ ትል ነጭ፣ ለስላሳና ወደ ራሱ የሚሾል ሲሆን፣ ይህኛው ጠፍጣፋ፣ ቆዳው ጠንካራ፣ ሲደርስ ወደ ጥቁር ቡናማ የሚለወጥ ነው። በደንብ በተያዘ ሣጥን ላይ ጎንበስ ሲሉ የሚሰማው በደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ ነው፤ እጅዎን ቢያስጠጉ ደግሞ እጮቹ ሲበሉ የሚፈጥሩት ሙቀት ይሰማዎታል። ባለቤትዎም ይህን በዓይናቸው ቢያዩት ሐሳባቸውን ሊለውጡ ይችላሉ፤ ሣጥኑን ግን ከመኖሪያ ቤትና ከማድ ቤት አርቆ ማስቀመጡ ለእርሳቸው የሚገባ ክብር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። አንድ እንቁላል ጣይ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ብትበላ 200ዎቹ 23 ኪሎ ይበላሉ። ከዚህ 5 በመቶውን በደረቅ እጭ ለመተካት 1.15 ኪሎ ያስፈልግዎታል፤ እርጥቡ እጭ ሁለት ሦስተኛው ውኃ ስለሆነ ይህ 3.5 ኪሎ ያህል እርጥብ እጭ ማለት ነው። አንድ ኪሎ እርጥብ እጭ ለማውጣት እንደ ተረፈ ምርቱ ዓይነት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እርጥብ ምግብ ስለሚጠይቅ፣ በየቀኑ ከ17 እስከ 35 ኪሎ ተረፈ ምርት ያለማቋረጥ ማግኘት አለብዎት። እንግዲህ መነሻው ዝንቡ ሳይሆን ይህ ተረፈ ምርት ነው። ከጁስ ቤቶች የሚወጣው የማንጎ፣ የፓፓያና የአቮካዶ ልጣጭ፣ ከአትክልት ተራ የሚጣለው ጎመንና ቲማቲም፣ የጠላ አተላ በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ከተገኘ ሥራው ያዋጣል። ፉርሽካ ወይም በቆሎ ገዝተው እጭ የሚቀልቡ ከሆነ ግን ዶሮዎ በቀጥታ ልትበላው የምትችለውን መኖ በትል በኩል አዙረው እየሰጡ ነውና ይከስራሉ።

ለእጩ የማይሰጡትን ነገር ከሚሰጡት አብልጠው እንዲጠነቀቁበት አደራ እላለሁ። በአካባቢዎ የአበባ እርሻዎች አሉና የአበባ ተረፈ ምርት በነጻ ይገኛል ተብሎ ሊቀርብልዎ ይችላል፤ ኬሚካል የተረጨበት ስለሆነ በፍጹም አይቀበሉ። የጫት ገራባም እንዲሁ። እጩ እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን በሰውነቱ ስለሚያከማች ከፋብሪካ ፍሳሽ አጠገብ የበቀለ አትክልት አይሁን። የዶሮ ኩስም እጩ ይበላዋል፤ ነገር ግን ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ በሽታ ጀርም መልሶ ወደ መንጋዎ ሊያመጣ ስለሚችል ይተዉት። አንበጣ በመጣ ጊዜ ሰብስበን ለዶሮ እንስጥ ወይ የሚሉኝም አሉ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ኦካራ ወረዳ ገበሬዎች ሌሊት አንበጣ እየሰበሰቡ ለመኖ ፋብሪካ ሸጠዋል፣ ይህ የሆነው ግን ኬሚካል ባልተረጨበት ቦታ ነው። መድኃኒት የተረጨበትን አንበጣ የምትበላ ዶሮ መርዙን ለእርስዎም ታተርፋለች።

አያያዙን በተመለከተ እጩ የሚወደው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ነው። የቢሾፍቱ ቀን ይመቸዋል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ግን ዕድገቱን ስለሚያዘገየው ሣጥኑን ከነፋስ በተከለለ ክፍል ውስጥ ማድረግና ሌሊት በጆንያ መሸፈን ይጠቅማል። ምግቡ በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ የሚያወጣ ይሁን። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሙከራዬ ውኃው ያልጠፈፈ የፓፓያ ልጣጭ ሞልቼ አድሬ፣ ጠዋት ስገባ እጮቹ አየር አጥተው በሣጥኑ እርጥብ ግድግዳ ላይ በመውጣት ወለሉን ሞልተውት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ልጣጩን አንድ ቀን አጠፍፌ ሰጋቱራ ሳልቀላቅልበት አልሰጥም፣ የሣጥኑንም ከንፈር ደረቅ አድርጌ እይዛለሁ። ዝንቡን አራክቦ እንቁላል ማስጣል የፀሐይ ብርሃንና የመረብ ቤት የሚፈልግ፣ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት እንቁላሉን ወይም ጨቅላ እጩን ከሚያረባ ሰው ቢገዙ ይሻላል። ማን እንደሚያረባ የወረዳዎን የእንስሳት ባለሙያ ወይም የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልን ይጠይቁ።

እጩ ሲደርስ በወንፊት ነፍተው፣ በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ በፈላ ውኃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል ነክረው ያውጡትና በፀሐይ በሚገባ ያድርቁት። ፈላ ውኃውን አይዝለሉ፤ ጀርሙን የሚቀንሰው እርሱ ነው። በወንፊቱ የሚቀረውን አፈር መሰል ቅሪት ለጓሮ አትክልትዎ በማዳበሪያነት ይጠቀሙበት። የደረቀው እጭ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስላለው ከኑግ ፋጉሎ ይበልጣል፣ ከአኩሪ አተር ፋጉሎ ግን ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስቡ ብዙ በመሆኑም ሲቆይ ይሻግታል፣ ከልክ ሲያልፍም ዶሮን ያሰባል። ስለዚህ በ5 በመቶ ይጀምሩ፣ ከ10 በመቶ አይለፉ፣ የሚቀንሱትም ከፋጉሎው ወይም ከአኩሪ አተሩ እንጂ ከበቆሎው አይሁን። እጩ ካልሲየም ቢኖረውም በዚህ መጠን ሲሰጥ እንቁላል ጣይ በመኖዋ ውስጥ የምትፈልገውን 3.5 በመቶ ያህል ካልሲየም አይሞላምና የኖራ ድንጋይ ዱቄቱን እንዳይቀንሱ።

ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። 40 ዶሮዎችን ለይተው እጭ ይስጡ፣ ሌሎች 40 ደግሞ በነበረው መኖ ይቀጥሉ፤ ሁለቱንም ለ6 ሳምንት በየቀኑ የእንቁላል ቁጥር፣ የተሰበረውን፣ የበሉትን መኖና ኩሳቸውን በደብተር ይመዝግቡ። ዐቢይ ጾም ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው፤ የእንቁላል ዋጋ በሚወርድበት በዚያ ወቅት የአትክልት ተረፈ ምርት ይበዛል፣ ሙከራው ቢበላሽም የሚያጡት ገቢ አነስተኛ ነው። ደብተሩን ከስድስት ሳምንት በኋላ ይላኩልኝ፤ ቁጥሩን አይቼ መጠኑን እንጨምር ወይስ እንተው የሚለውን አብረን እንወስናለን።