የካንሰር ህዋስ የለበሰው ስኳር እና የምንበላው ስኳር

ጥያቄ፦ አባቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አሁን በክትትል ላይ ናቸው። የካንሰር ህዋስ ላዩ በስኳር የተሸፈነ ነው ሲባል ከሰማን ወዲህ እናቴ ሻዩን ያለ ስኳር ያቀርቡላቸዋል፤ ከይርጋለም የተላከላቸውንም ማር ቆልፈውበታል። በእርግጥ ስኳሩ ዕጢውን ያሳድገዋል?
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ እናትዎ የሰሙት እውነት ነው፤ ማሩን መቆለፋቸው ግን ዕጢውን አይጎዳውም። ጤነኛውም ህዋስ ቢሆን ከፕሮቲንና ከስብ ጋር በተያያዙ የስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ነው። ሰንሰለቶቹን የሚሠራቸው ህዋሱ ራሱ በኢንዛይሞቹ አማካይነት ሲሆን፣ ቅርጻቸውም የሚወሰነው በእነዚሁ ኢንዛይሞች እንጂ ሻይ ውስጥ በሚጨመረው ስኳር አይደለም።

የአንጀት ህዋስ ወደ ካንሰር ሲለወጥ ይህ ሥራ ይዛባል፤ አንዳንዱ ሰንሰለት ሳያልቅ በአጭሩ ይቀራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ጫፉ ላይም ሲያሊክ አሲድ የተባለው ስኳር ይበዛል። ቅርንጫፍ የበዛባቸው ሰንሰለቶች የዕድገት መልእክት ተቀባዮችን በህዋሱ ገጽ ላይ ስለሚያቆዩ «ተባዛ» የሚለው ትእዛዝ ቶሎ አይቋረጥም። በሽታ ተከላካይ ህዋሳት ደግሞ ሲግሌክ በተባሉ ተቀባዮቻቸው ሲያሊክ አሲዱን ሲያገኙ የገዛ አካላቸው መስሏቸው ጥቃታቸውን ይገታሉ፤ ዕጢውም የሰፈር ሰው ጋቢ ደርቦ በዘበኛ ፊት እንደሚያልፍ ሌባ ያመልጣቸዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ስርጭቱ ነው። በካንሰሩ ህዋስ ገጽ ላይ የሚገኙት፣ ሲያሊል ሉዊስ ኤ እና ሲያሊል ሉዊስ ኤክስ የተባሉት ሰንሰለቶች፣ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ከሚገኘው ኢ-ሴሌክቲን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። ነጭ የደም ህዋስ ወደ ቆሰለ አካል ለመድረስ ግድግዳውን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከዕጢው ተነጥሎ ደም ውስጥ የገባ የካንሰር ህዋስም ይህንኑ ይጠቀምበታል። ከአንጀት የሚመለሰው ደም በአብዛኛው በቅድሚያ በጉበት ስለሚያልፍም፣ ይህ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚዛመተው ወደዚያ ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄያችሁ ሁሉ ወደ ክትትሉ ይዙር። ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነ ለመከታተል በሚደረገው፣ ሲኢኤ በተባለው የደም ምርመራ የሚለካው ነገር፣ ተመራማሪዎቹ ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1965 ያስታወቁት፣ እርሱም በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ፕሮቲን ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት 2 ዓመታት ብዙውን ጊዜ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይለካል። ሲጋራ ማጨስና የጉበት ሕመምም ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ የሚመዝነው የአንድ ቀን ውጤት ሳይሆን በጊዜ ሂደት የታየውን ለውጥ ነው፤ የውጤት ወረቀቶቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል አስቀምጡ፣ ቢቻልም ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ አስመርምሯቸው።

አባትዎ የስኳር በሽታ ከሌለባቸው ማሩን በመጠኑ ይቅመሱ። ምግብ እየቀነሱና እየከሱ ከሄዱ ግን ቀጠሯቸውን ሳትጠብቁ ለሐኪማቸው ንገሩ።